የአይሪሽ ውስኪ ዓይነቶችና ጣዕሞች፦ ያልበቀለው ገብስ ያመጣው ልዩነት

ስለ አይሪሽ ውስኪ ሲነሳ ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ፤ ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሦስት ጊዜ የተነጠረ ነው። ገለጻው ሐሰት አይደለም። በትክክል የሚመጥነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ኢንዱስትሪው ከመጥፋት ለመትረፍ ሲታገል ለገበያ የቀመመውን ቅይጥ ውስኪ ነው። ከዚያ በፊት በደብሊንና በኮርክ ይወጣ የነበረው መጠጥ ወፍራም፣ ቅባታማና የቅመም ጠረን የበዛበት ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው የአይሪሽ ውስኪ ጣዕም ዋና መለያ ከማንጠሪያው ብዛት ይልቅ በእህሉ፣ በተለይም ባልበቀለው ገብስ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። የእህሉን ድርሻ የወሰኑት ደግሞ ጠማቂዎች ብቻ አይደሉም፤ ቀረጥ ሰብሳቢዎችና ሕግ አውጪዎችም እጃቸው አለበት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉና አራቱ ዓይነቶች

ዛሬ አንድ መጠጥ አይሪሽ ውስኪ ለመባል የሚያሟላቸው መስፈርቶች በ1980 በወጣው የአይሪሽ ውስኪ ሕግና በ2014 በጸደቀው ዝርዝር የቴክኒክ ሰነድ ተቀምጠዋል። መጠጡ በአየርላንድ ደሴት ላይ ከእህል መነጠር አለበት፤ ደሴት ሲባል በብሪታንያ ዘውድ ሥር ያለችው ሰሜን አየርላንድም ትጨመራለች። ሲነጠር የአልኮል መጠኑ ከ94.8 በመቶ በታች ይሆናል፤ የእህሉ መዓዛና ጣዕም እንዳይጠፋ ነው። ከዚያም ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባም አልኮሉ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም።

በዚህ ወሰን ውስጥ አራት ዓይነቶች አሉ። ሞልት ከብቅል ገብስ ብቻ በመዳብ ጋን ይነጠራል። ግሬይን በአብዛኛው ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ጥቂት ብቅል ታክሎበት በዓምድ ማንጠሪያ ይወጣል። ፖት ስቲል የበቀለና ያልበቀለ ገብስ ተደባልቆ በመዳብ ጋን የሚነጠር ነው። ብሌንድድ የሚባለው ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ወይም ሁሉንም የሚያዋህድ ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሸጠው አራተኛው ሲሆን፣ አየርላንድን ከሌላው ሁሉ የሚለያት ግን ሦስተኛው ነው።

ያልበቀለ ገብስ

ፖት ስቲልን ለመረዳት የኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጠላ ወይም አረቄ ሲጠነሰስ እንኩሮው ካልበቀለ እህል ይዘጋጃል፤ ብቅሉ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ብቅል በራሱ ውስጥ ባሉት ኢንዛይሞች የሌላውንም እህል ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ያንን ስኳር ወደ አልኮል ያብላላዋል። ስለዚህ ሁሉም እህል መብቀል የለበትም። የአየርላንድ ጠማቂዎችም ይህንኑ ያውቁ ነበር፤ ገብስ፣ አጃና ስንዴ እንደ አዝመራው እያደባለቁ ይጠቀሙ ነበር።

ልማዱ ሥር እንዲሰድ ያደረገው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብቅል ላይ የተጣለው ቀረጥ ነው ይባላል። ቀረጡ በብቅሉ ላይ ስለሚከፈል ያልበቀለውን እህል ማብዛት ወጪ ይቀንስ ነበር። ማብራሪያው እውነትነት አለው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀረጡ ቢጠብቅም ቢላላም የአየርላንድ ጠማቂዎች ያልበቀለውን ገብስ አልተዉትም፤ ምክንያቱም ደንበኞቻቸው ጣዕሙን ወደውት ነበር። በእኔ አመለካከት ቀረጥ ልማዱን አስፋፋው፤ ያጸናው ግን ምላስ ነው።

ያልበቀለ ገብስ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው። እህሉ ጠንካራ ነው፤ ለመፍጨት ይከብዳል። ጥንስሱም ይወፍርና ይጣበቃል፤ ጭማቂውን ማጥለል ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞ አጃ የሚጨመርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ የአጃው ገለባ ጥንስሱን ስለሚያላላው ጭማቂው እንዲወርድ ያግዛል። የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት በብርጭቆ ውስጥ ይታያል። ሬድብረስት የተባለውን አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ፖት ስቲል አፍንጫ ሥር ሲያስጠጉት መጀመሪያ የሚመጣው ዘቢብና የደረቀ በለስ ነው፤ ይህ በሼሪ በርሜል የመቆየቱ ምልክት ነው። ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና የተልባ ቅባት የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ ይህ የእህሉ ነው። ሲጎነጩት ምላስን ይሸፍናል፤ ከዋጡት በኋላም የቅመሙ ትኩሳት በጉንጭ ዙሪያ ይቆያል። ሚቼል ኤንድ ሰን የተባለው የደብሊን የወይን ነጋዴ ቤት የሚያቀርበው ግሪን ስፖት ከዚሁ ዓይነት ሆኖ ወጣትነት አለው፤ አረንጓዴ ፖምና ፒር ይሸታል፤ ቅመሙ ቀለል ይላል። ፓወርስ ጆንስ ሌን ደግሞ ወደ ቆዳ፣ ትምባሆና ጥቁር ማር ያደላል። ሦስቱም የሚነጠሩት በኮርክ አውራጃ በምትገኘው ሚድልተን ነው። በአንድ ፋብሪካ እንዲህ የተለያየ ጣዕም መውጣቱ ስለ ማንጠሪያው እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ሦስት ጊዜ ማንጠር ምን ያደርጋል

የተብላላው ፈሳሽ በመጀመሪያው ጋን ይፈላና ደካማ አረቄ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ይጠነክራል፤ በሦስተኛው ከ80 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ንጹሕ መንፈስ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ብቻ በሚነጠረው የስኮትላንድ ሞልት ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። አልኮሉ ከፍ ባለ ቁጥር ከባዶቹ ጠረኖች እየተጣሩ ይቀራሉ፤ ፍራፍሬና አበባ የሚመስሉት ይጎላሉ። የለስላሳነቱ ምንጭ ይህ ነው።

ነገር ግን ሦስት ጊዜ ማንጠር ሕግ አይደለም፤ የአየርላንድ ብቻም አይደለም። በስኮትላንድ ኦኸንቶሽን የተባለው ፋብሪካ ሦስት ጊዜ ያነጥራል። በአየርላንድ ደግሞ ኮነማራ የተባለው ውስኪ ሁለት ጊዜ ይነጠራል፤ ብቅሉም የሚደርቀው ከረግረግ በሚቆፈረው ፒት ጭስ ነው፤ የአይሪሽ ውስኪ ጭስ የለውም የሚለውን አባባል ይኸው አንድ ጠርሙስ ያፈርሰዋል። በሚድልተንም ሦስት ጊዜ ሲነጠር አንጣሪው ከየጋኑ የሚወስደውን ክፍል እየለዋወጠ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ፖት ስቲል ያወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ስለ ጣዕም ብዙ አይነግረንም። ወሳኙ ውስኪው የሚቆረጥበት ነጥብ ነው፤ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ፈሳሽ ምን ያህሉ እንደሚጣል፣ ምን ያህሉ እንደሚቀመጥ።

ግሬይንን የናቁ፣ በግሬይን የተረፉ

በ1830 ኢኒየስ ኮፊ የተባለ የቀድሞ የአየርላንድ የቀረጥ ሹም ለዓምድ ማንጠሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። የመዳብ ጋን በየዙሩ ተራግፎ እንደገና ይሞላል፤ የኮፊ ዓምድ ግን ሳያቋርጥ ይሠራል። የሚሰጠው አልኮል ርካሽ፣ ጠንካራና ጣዕሙ የቀለለ ነው። የስኮትላንድ ቀማሚዎች ፈጥነው ተቀበሉት። የደብሊን ትልልቅ ቤቶች ግን ናቁት። በ1870ዎቹ መጨረሻ ጆን ጄምሰን፣ ዊልያም ጄምሰን፣ ጆን ፓወርና ጆርጅ ሮ በአንድነት መጽሐፍ አሳትመው የዓምድ አልኮል ውስኪ ሊባል አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። በ1909 ጉዳዩን የመረመረው የብሪታንያ ንጉሣዊ ኮሚሽን ፍርድ ግን ከእነሱ በተቃራኒ ወጣ፤ የዓምዱም ውስኪ ነው ተባለ።

ጥራትን በመጠበቅ ረገድ የደብሊን ሰዎች አቋም የሚያስከብር ነበር፤ ገበያውን ግን አጡበት። ከዚያ የተከተለው መከራ ብዙ ነው፦ የነጻነት ጦርነት፣ ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ የዘለቀው የመጠጥ ክልከላ፣ በ1930ዎቹ ከብሪታንያ ጋር የተደረገው የንግድ ጦርነት። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ1966 የቀሩት ጄምሰን፣ ፓወርና የኮርክ ኩባንያ ተዋህደው አይሪሽ ዲስቲለርስን መሠረቱ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ያለው ቡሽሚልስም ተቀላቀለ። በ1975 ከቡሽሚልስ በስተቀር ምርታቸውን በአዲሱ የሚድልተን ፋብሪካ ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ በመላው ደሴት የሚሠሩት ሁለት ፋብሪካዎች ብቻ ነበሩ፤ በ1987 ጆን ቲሊንግ ኩሊን እስኪከፍት ድረስ።

ጄምሰን ለዓለም ገበያ በዛሬው መልኩ የቀረበው በዚህ ዘመን ነው፤ ፖት ስቲሉ በግሬይን ቀለለ። አያቶቹ የናቁት ዓምድ የልጆቹን ቤት አተረፈ። ዛሬ ግሬይን ራሱን ችሎም ይጠጣል፤ ለምሳሌ ቲሊንግ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርኒያ ቀይ ወይን በርሜል የሚያስቀምጠው ሲንግል ግሬይን ቫኒላና ቀይ እንጆሪ ይሸታል፤ ሰውነቱ ቀጭን ነው።

ሞልቱን በተመለከተ ቡሽሚልስ ዋናው ስም ነው። ጠርሙሱ ላይ የሚታየው 1608 በአንትሪም አካባቢ ለአንድ ሹም የማንጠር ፈቃድ የተሰጠበት ዓመት ሲሆን፣ ኩባንያው የተመሠረተው በ1784 ነው። አሥር ዓመት የቆየው ሞልቱ ማርና የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ቆሎ የለመደ አፍንጫ ወዲያው ይለየዋል።

በርሜልና እንጨት

አዲስ የተነጠረ ውስኪ ቀለም የለውም። ወርቃማውን ቀለምና ከጣዕሙ ብዙውን ክፍል የሚሰጠው እንጨቱ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን በአዲስ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ የኦክ በርሜል እንዲቀመጥ ያዛል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ያገለገሉ በርሜሎች በብዛት ወደ አየርላንድ ይሸጣሉ። ቫኒላና ኮኮናት የሚመስለው ጣዕም ከእነሱ ይመጣል። ከስፔን የሚመጡት የሼሪ በርሜሎች ዘቢብ፣ ለውዝና ቅመም ይሰጣሉ፤ ቡሽሚልስ ሃያ አንድ ዓመት የቆየውን ሞልቱን በማዴራ ወይን በርሜል ያጠናቅቃል።

እዚህ ላይ አየርላንድ ከጎረቤቷ የሰፋ ነፃነት አላት። የስኮትላንድ ሕግ ኦክን ብቻ ሲፈቅድ የአየርላንዱ የሚጠይቀው የእንጨት በርሜል ነው። ሚድልተን ሜተድ ኤንድ ማድነስ በሚለው ስሙ ውስኪን ቼስትነት በተባለ ዛፍ እንጨት በርሜል አስቀምጦ አቅርቧል። እነዚህ ሙከራዎች የሚያስደስቱ ቢሆኑም በርሜሉ እህሉን እንዳይውጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በወይን ሽታ የተዋጠ ፖት ስቲል ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

አምስት በመቶ

የ2014ቱ ሰነድ ፖት ስቲል ቢያንስ 30 በመቶ ብቅል ገብስና ቢያንስ 30 በመቶ ያልበቀለ ገብስ እንዲኖረው ይደነግጋል፤ አጃን፣ ስንዴንና ራይን የመሰሉ ሌሎች እህሎች ግን በድምሩ ከ5 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ገደቡ በወቅቱ በሚድልተን ከነበረው አሠራር ጋር ይስማማል። ከታሪክ ጋር ግን አይስማማም። ስለ ፖት ስቲል መጽሐፍ የጻፈው አጥኚ ፊናን ኦኮነር በድሮ የእህል ቀመሮች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ የአጃው፣ የስንዴውና የራዩ ድርሻ ከዚህ ብዙ ጊዜ የላቀ እንደነበር አሳይቷል። በድሮኸዳ አጠገብ ያለው ቦአን ፋብሪካ ከእሱ ጋር ሆኖ እነዚያን ቀመሮች እንደገና አንጥሯቸዋል። ብላክወተርና ኪሎወን የተባሉት ትንንሽ ፋብሪካዎችም በአጃና በራይ የበለጸገ ውስኪ ያወጣሉ፤ ነገር ግን የአያቶቻቸውን ቀመር የተከተሉበትን ጠርሙስ ፖት ስቲል ብለው እንዲሰይሙት ሰነዱ አይፈቅድላቸውም።

ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ስሙ ያለ ወሰን ቢለቀቅ ማንም ማንኛውንም አልኮል አይሪሽ ብሎ በሸጠው ነበር። ሆኖም ሕጉ ሊጠብቀው የተነሳው ቅርስ፣ ከሁለት መቶ ዓመታት ልማድ ይልቅ የመጨረሻዎቹ አርባ ዓመታት የአንድ ፋብሪካ አሠራር ሆኖ ተገኝቷል። ጣሪያው ወደ 30 በመቶ ከፍ እንዲል ከኢንዱስትሪው የቀረበው ሐሳብ ተገቢ ነው፤ መዝገቡ የሚመሰክረውም ለእሱ ነው። አጃው ቅባታማ ለስላሳነትን፣ ራዩ የሚያቃጥል ቅመምን፣ ስንዴው ጣፋጭነትን ይዘው ወደ ጋኑ መመለስ አለባቸው፤ በዚያ መንገድ የሚወጣውም ውስኪ ፖት ስቲል ተብሎ ሊጠራ ይገባል።