የንግድ ስም ማስመዝገብ የንግድ ምልክት ባለቤት አያደርግም፦ ለመርካቶ አምራቾችና ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ የንግድ አካባቢ የሚሠሩ በርካታ አምራቾች፣ አስመጪዎችና አከፋፋዮች የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀት በእጃቸው ስላለ ብቻ በዕቃቸው ላይ የሚለጥፉት ስያሜ ጥበቃ ያለው ይመስላቸዋል። ይህ ግምት ትክክል አይደለም፤ ጉዳቱም የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።

የንግድ ስም ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበት መጠሪያ ሲሆን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ ይመዘገባል። የንግድ ምልክት ግን የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል የሚታይ ምልክት ነው፤ ቃል፣ ንድፍ፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ አልያም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል። የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 እና በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 273/2005 ሲሆን፣ መዝጋቢው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ለምሳሌ አንድ ጫማ አምራች በሶሉ ላይ የሚያትመው ስም በክልል ከተሞች ጭምር ተፈላጊ ሆነ እንበል። ስሙን ያላስመዘገበ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ በራሱ ስም ሊያመለክትበት ይችላል። በአዋጁ መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘውና በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የሚኖረው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ስለዚህ «ለዓመታት ስሠራበት ቆይቻለሁ» የሚለው ክርክር ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም። ለእንዲህ ዓይነቱ አምራች ዋነኛው ዕድል ተቃውሞ ማቅረብ ነው፤ የምዝገባ ጥያቄው ለሕዝብ በማስታወቂያ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ጊዜ ግን 60 ቀን ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ያላየ ሰው ጊዜው ያልፍበታል።

ከአዋጁ መውጣት በፊት ባለምልክቶች በጋዜጣ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። ያንን የጋዜጣ ቁራጭ እስካሁን እንደ ባለቤትነት ማስረጃ ያስቀመጡ ነባር ነጋዴዎች ካሉ፣ ምልክታቸው በአዲሱ ሕግ መመዝገብ አለመመዝገቡን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲያጣሩ ይመከራል።

ማንኛውም ስያሜ አይመዘገብም። የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚገልጽ ቃል፣ የመንግሥት ዓርማ፣ ቀድሞ ከተመዘገበ ወይም በሰፊው ከታወቀ ምልክት ጋር የሚያምታታ ስያሜ ተቀባይነት የለውም። ስለ ዕቃው መነሻ ቦታ የሚያሳስት ምልክትም እንዲሁ። በአገር ውስጥ በተሠራ ጫማ ላይ የጣሊያን ምርት የሚያስመስል ጽሑፍ ማኖር ከንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጋርም ያጋጫል፤ ሥራውን በሚገባ ለሚያውቅ የመርካቶ ባለሙያም ክብር የሚጨምር አይደለም። የውጭ አገር ድርጅትን ዕቃ የሚያስመጣ ወይም የሚያከፋፍል ነጋዴም በማከፋፈሉ ብቻ የምልክቱ ባለቤት አይሆንም።

አመልካች የምልክቱን ናሙና እና ምልክቱ የሚያገለግልባቸውን ዕቃዎች ወይም አገልግሎቶች ዝርዝር በምድብ ለይቶ ያቀርባል። ዝርዝሩ በጥንቃቄ መዘጋጀት አለበት፤ ለጫማ የተመዘገበ ምልክት ለምግብ ዘይት በራሱ ጥበቃ አያስገኝምና። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ለ3 ዓመት ያልተሠራበት ምልክት ግን ጥያቄ ሲቀርብ ሊሰረዝ ይችላል።

የተመዘገበ ምልክት ባለቤት መብቱ ሲጣስ ፍርድ ቤት ድርጊቱን እንዲያስቆምለትና ካሳ እንዲወስንለት መጠየቅ ይችላል። ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥሰት በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ በአዋጁ የተመለከተው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የተመሳሰለውን ዕቃ የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን እያወቀ በመደብሩ የሚሸጠውም ሊጠየቅ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በኢትዮጵያ የተደረገ ምዝገባ የሚያገለግለው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስያሜዎች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ያመለከተውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጭቷል። ስለዚህ ምርቱን ወደ ጎረቤት አገሮች የሚልክ አምራች በየአገሩ ሕግ መሠረት ማመልከት ይኖርበታል።

የሶል ቅርጽ ማውጫም ሆነ ካርቶን ከማሳተም በፊት፣ የታሰበው ስያሜ በሌላ ሰው ያልተያዘ መሆኑን ከባለሥልጣኑ መጠየቅ ይገባል።