የኩበት ጉዞ፦ ከወሎ ማሳ እስከ ደሴ ፒያሳ

በሥርዓተ ምኅዳር ውስጥ ኃይልና ንጥረ ምግብ የሚጓዙበት መንገድ የተለያየ ነው። ኃይል ከፀሐይ ወደ ዕፅዋት፣ ከዕፅዋትም ወደ እንስሳት ሲተላለፍ በየደረጃው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይበተናል፤ ተመልሶም አይመጣም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታስየም ግን ከአፈር ወጥተው በፍግና በብስባሽ አማካይነት ወደ አፈር ሊመለሱ ይችላሉ። እንግሊዛዊው አርተር ታንስሊ ለሥርዓተ ምኅዳር ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን የኃይሉን ጉዞ በአንድ ሐይቅ ላይ አጥንቶ በ1942 በመጠን አሳየ። የወሎ ገበሬም ከቤቱ አጠገብ ያለው ጓሮ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለም የሆነው በፍግና በአመድ መሆኑን ከልምድ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ደጋው ለብዙ ዘመናት ሲታረስና ሲመነጠር የማገዶ እንጨት እያነሰ ሄደ። በንጉሥ ሚካኤል ዘመን የወሎ መዲና የነበረችው ደሴ እያደገች ስትሄድም የማገዶ ፍላጎቷ በረታ። ፒያሳ የተባለው ሰፈር፣ ስሙ በኢጣልያንኛ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ እንደ ቀረው ከተማ ሁሉ ምድጃው የሚነደው ከገጠር በሚመጣ እንጨት፣ ከሰል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ነበር።

ኩበት ሲነድ በሣሩ ውስጥ የተከማቸው የፀሐይ ኃይል እንጀራ ይጋግራል። ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ፎስፈረሱና ፖታስየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ግን በከተማው ይደፋል እንጂ ወደ ማሳው አይመለስም። በጎርፍ የታጠበው አፈርም ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ አኳኋን የደጋው ለምነት በጢስ፣ በአመድና በጎርፍ ይወጣል።

በ1965ና በ1966፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ለደረሰው እልቂት የዝናብ እጦትና የመንግሥታቱ ቸልተኝነት ታላቅ ድርሻ ነበራቸው። የተራቆተው መሬት ግን ገበሬውን ጎተራው ባዶ እንዳለ ለድርቁ አጋልጦታል። ከደሴ በስተ ደቡብ በምትገኘው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ የሽርሸራውን መጠን መለካት ጀመረ። ኬኔት ኒውኮም ደግሞ በ1984 ለዓለም ባንክ ባቀረበው ጥናት፣ ደን ሲጠፋ ኩበት ማገዶ እንደሚሆን፣ ኩበት ማገዶ ሲሆንም ምርት እንደሚቀንስ በኢትዮጵያ ምሳሌነት አስረዳ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። እርከን አፈሩን ይይዛል እንጂ የተቃጠለውን ናይትሮጅን አይመልስም። ገበሬው ኩበት የሚያነደው የፍግን ጥቅም ስቶ ሳይሆን ሌላ ማገዶ ስላጣ ነው። ስለዚህ በተገቢው ቦታ የተተከለ የማገዶ ዛፍና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቅድ ውስጥ ሊታሰቡ ይገባል። መምህሩም የንጥረ ምግብን ዑደት ሲያስተምር ተማሪዎቹ የቤታቸው አመድ ከየት እንደመጣና የት እንደሚደፋ ቢመረምሩ፣ ዑደቱ የተቆረጠበትን ስፍራ ራሳቸው ያገኙታል።