በነጻ የሚሰጥ ፌስታል፣ በሌላው የሚከፈል ዕዳ

ሉላዊነት ሸቀጥ፣ ገንዘብ፣ ዕውቀትና የአኗኗር ልማድ ከሀገር ወደ ሀገር በፍጥነት የሚዘዋወሩበት ሂደት ነው። በዚህ ሂደት ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገብተው ሥር ከሰደዱት ልማዶች አንዱ ዕቃን በፌስታል መያዝ ነው። ቀድሞ ገበያ የሚወጣ ሰው ዘንቢል፣ ቅርጫት ወይም ስልቻ ይዞ ይወጣ ነበር። ዛሬ ብዙው ሸማች ባዶ እጁን ሄዶ አንድ ኪሎ ቲማቲም በአንዱ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው በሌላው ፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል።

የፌስታል አመጣጥ

የዛሬውን ፌስታል የፈጠረው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1965 ነው። ጥሬ ዕቃው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘው ፖሊኢትሊን ነው። እ.ኤ.አ በ1950 በዓለም የተመረተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ በ2019 ወደ 460 ሚሊዮን ቶን ደርሷል። እስከ 2015 ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው ግን 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ፌስታል በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይብሳል። የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብሳቢና ገዥ አለው። ፌስታል ግን ስስና በቀላሉ የሚቆሽሽ በመሆኑ ብዙ ተለቅሞም ክብደት አያወጣም፤ ስለዚህ ከመንገድ ላይ የሚያነሣው የለም።

በእንስሳትና በማሳ ላይ

ከከተማ የተጣለ ፌስታል በነፋስና በጎርፍ ተወስዶ ግጦሽና እርሻ ላይ ያርፋል። ጨው ወይም የምግብ ትራፊ የነካው ሲሆን ከብቶች አብረው ይውጡታል። ፕላስቲክ በከብት ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ እየተጠራቀመ ለመኖ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል። ላሟ መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቷ ይጎድላል፣ ትከሳለች፣ ሆዷ ይነፋል፤ ሲብስም ትሞታለች። የተጠራቀመውን ለማውጣት ያለው መንገድ በአብዛኛው በእንስሳት ሐኪም የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይህ ደግሞ ለብዙ አርሶ አደር በቅርብ አይገኝም።

በማሳ ውስጥ የተቀበረ ፌስታል ውኃ ወደ አፈሩ እንዳይሰርግና የሰብል ሥር እንዳይስፋፋ ያግዳል። በጊዜ ብዛት ይበጣጠሳል እንጂ እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ ቁርጥራጩ በአፈር ውስጥ ይቀራል። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ ጭሱ ለመተንፈሻ አካል ጎጂ የሆኑ ኬሚካሎችን ይይዛል።

በከተማ

በክረምት ፌስታል የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ይደፍናል። የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ በፌስታል የተደፈኑ ቦዮች አንዱ ምክንያት ሆነው በመገኘታቸው፣ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በ2017 ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር፤ ሆኖም ስስ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ማምረትን፣ ወደ ሀገር ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ከልክሏል።

ከሸማቹና ከአርሶ አደሩ የሚጠበቀው

የቀደመው ሕግ ዕጣ እንደሚያሳየው ክልከላ ብቻውን ልማድን አይለውጥም። ፌስታል ርካሽ የሚመስለው የላሟ፣ የማሳውና የቦዩ ጉዳት በዋጋው ውስጥ ስለማይቆጠር ነው፤ ጉዳቱን የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ፌስታሉን ያልተጠቀመበት ሰው ነው። ሸማቹ ዘንቢል ወይም የጨርቅ ከረጢት ይዞ ቢወጣ፣ ነጋዴው በወረቀት ቢጠቀልል፣ በእጅ ያለው ፌስታል ሳይጣል ደጋግሞ ቢያገለግል ጉዳቱ ይቀንሳል። አርሶ አደሩም ከብቶቹን ከቆሻሻ መጣያ አካባቢ ማራቅ፣ ከእርሻ በፊት ማሳውን መልቀም፣ ላሙ ያለ ምክንያት መኖ ስትቀንስ ወይም ሆዷ ሲነፋም ፈጥኖ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል። ዘንቢልና ቅርጫት የሚሠሩ እጆች ዛሬም በየአካባቢው አሉ፤ ገዥ ካገኙ የገበያው ገንዘብ እዚያው ይቀራል።