የማሊንዲ ባሕር፣ የእንጦጦ ሰማይ እና አንድ ጥቁር ጉድጓድ

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ በእንጦጦ ቴሌስኮፖች ጥቁር ጉድጓድ ይታያል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አጭሩ መልስ አይታይም ነው፤ ብርሃን የማያወጣ ነገር በምን ይታያል? የሚታየው ጎረቤቱ ነው። ታሪኩ ግን ከእኛ አገር ብዙም ስለማይርቅ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖች መድረክ፣ ከሳን ማርኮ፣ አንዲት ሳተላይት ተወነጨፈች። ቀኑ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበር «ኡሁሩ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የሰማይን ኤክስሬይ ብቻ ለመቃኘት የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እሷ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ የእንግሊዞቹ ኤሪየል 5 ከዚያው መድረክ ተነሣች።

ኤሪየል 5 ሐምሌ 27 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኦሪዮን ጎን አዲስ የኤክስሬይ ምንጭ አየች። ምንጩ በቀናት ውስጥ ደምቆ ከፀሐይ በቀር በሰማይ ያለውን የኤክስሬይ ምንጭ ሁሉ በለጠ። ኤ0620-00 ተባለ። እኛ ጋ በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 21፣ ንጉሠ ነገሥቱ አረፉ። አገሩ በአብዮት እየታመሰ ማን ወደ ሰማይ ያያል።

ሌላ ቦታ ግን የሚያዩ ነበሩ። በተራ ቴሌስኮፕ ያ ቦታ ላይ የደመቀ ኮከብ ተገኘ። ከዚያ የሐርቫርድን የድሮ የመስታወት ፎቶዎች ሲያገላብጡ ይኸው ኮከብ በ1917 እ.ኤ.አ.ም ደምቆ እንደነበር ታየ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ያን ፎቶ ያነሣው ሰው ምን እንዳነሣ አያውቅም፤ ብቻ አንሥቶ፣ ቀን ጽፎ አስቀመጠ።

ድምቀቱ በወራት ውስጥ ጠፋ። ዋናው ሥራ የተጀመረው ያኔ ነው። ማክሊንቶክ እና ሬሚላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቀረችውን ደብዛዛ ኮከብ ብርሃን በትነው ተከታተሏት። በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ አንዴ ትዞራለች፤ ፍጥነቷ በሰከንድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምን እየያዛት? በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት የማይታየው ጓደኛዋ ቢያንስ ከ3 ፀሐይ በላይ እንደሚመዝን አሳየ። የኒውትሮን ኮከብ ያን ያህል ሊከብድ አይችልም ተብሎ ስለሚታመን የቀረው ጥቁር ጉድጓድ ነው። አያችሁ፣ ኤክስሬይ ጠቆመ፤ የመዘነው ግን ተራው ብርሃን ነው።

ወደ እንጦጦ ስመለስ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም «እነዚህ ሰዎች አብደዋል» ያለ ብዙ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ግን እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ 8 ቪ404 ሲግኒ የሚባል ሌላ ጥቁር ጉድጓድ ከ26 ዓመት ዝምታ በኋላ ፈነዳ፤ የብርሃኑ መዋዠቅ በ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ እንኳ ይታይ ነበር። ሰኔ! እሱ ኮከብ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ በሐምሌ ነው። የእንጦጦን የሐምሌ ጭጋግ የማያውቅ የለም።

ኤ0620 ግን ለእኛ የተመቸ ነው። በሰማይ ወገብ ላይ ስለሚገኝ በገና ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ እኩለ ሌሊት ገደማ አናታችን አካባቢ ያልፋል። ችግሩ ሲተኛ ባዶ ዓይን ከሚያየው ደካማ ኮከብ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይደበዝዛል። ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምናበራው መብራት ደግሞ ወደ ላይ ይፈሳል። ያውም በየዓመቱ እየጨመረ።

ከ1917 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. 58 ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ኮከብ ቀጠሮ አያከብርም፤ ግን ያንኑ ያህል ቢቆይ 2033 ላይ ይወድቃል፣ በእኛ 2025 ወይም 2026 ዓ.ም.። በበጋ ቢሆንልን።