የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ

የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ በሮም ከተማ፣ በፒያሳ ናቮና አደባባይ መካከል የሚገኝ የቀራጺው ጃን ሎሬንዞ ቤርኒኒ ሥራ ነው። ያሠሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ሲሆኑ፣ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1648 ተጀምሮ በ1651 ተመረቀ። ቦታው የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ የጳጳሱ ቤተሰብ የፓምፊሊዎች ቤተ መንግሥት እዚያው አደባባዩ ዳር ነበር። ጊዜው ግን ዳቦ የተወደደበት በመሆኑ፣ ወጪው ከግብር እንደሚወጣ ያወቀው የሮም ሕዝብ ፏፏቴ ሳይሆን እንጀራ እንደሚሻ በግድግዳ ላይ በሚለጠፉ ስላቆች ተናግሯል፤ ቅሬታው ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል። ከግብፅ ደንጊያ የተጠረበው፣ በንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ዘመን የተጻፈበትና ከማክሴንቲየስ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ፍርስራሽ የመጣው ሐውልት ውስጡ በተቦረቦረ ዐለት ላይ ተተክሏል። በዐለቱ ዙሪያ ዳኑብ አውሮፓን፣ ጋንጅስ እስያን፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ አሜሪካን፣ ናይል ደግሞ አፍሪካን ወክለው በግዙፍ ሰው አምሳል ተቀምጠዋል።

ከአራቱ ናይል ብቻ ራሱን በጨርቅ ሸፍኗል። የተለመደው ማብራሪያ የወንዙ ምንጭ በዚያ ዘመን ስላልታወቀ ነው ይላል። ይህ ግን ከማስረጃው ጋር አይስማማም። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 የጥቁር ዓባይ ምንጭ የሆነውን ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል። ይህን ምስክርነት ለአውሮፓ አንባቢ በኅትመት ያደረሰውም ሌላ ሳይሆን በዚሁ ፏፏቴ ሐውልት ላይ ያለውን የግብፅ ጽሑፍ እንዲተረጉም የተመደበው አትናቴዎስ ኪርሸር ነው፤ መጽሐፉ ከ1652 ጀምሮ በሮም ታተመ። (የሐውልቱን ጽሑፍ ኪርሸር ፈጽሞ አላነበበውም፤ ዶሚቲያንን የሚያወድሰውን ቃል ምሥጢራዊ ጥበብ አድርጎ ነው የፈታው።)

ኅትመቱ ከምረቃው በኋላ ስለሆነ ቤርኒኒ ዜናውን አልሰማ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ቢሰማም ባይሰማም ግን የተሸፈነው ራስ ከዚያ ዘመን ዕውቀት አልተወለደም። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ናይል በአፈ ታሪክ የፀሐይን ሠረገላ ከነዳው ከፋኤቶን እሳት ሸሽቶ ራሱን እንደ ደበቀ ከተረከ ከ1,600 ዓመታት በላይ አልፈው ነበር፤ የተማረ ተመልካች ሁሉ ምልክቱን ያውቀዋል። ሌሎች ደግሞ የነጭ ናይል ምንጭ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ስላልታወቀ ጨርቁ ትክክል ነው ይላሉ። ይህ ለቤርኒኒ የኋለኛ ዘመን ጥያቄ ማሸከም ነው፤ ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ገደማ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ናይል ራሱን የሸፈነው የተቀናቃኙን የቦሮሚኒን ቅድስት አግኔስ ቤተ ክርስቲያን ላለማየት ነው የሚለው ወሬማ ሊመረመር እንኳ አይገባውም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ የተጀመረው ፏፏቴው በተመረቀ ማግስት፣ በ1652 ነው።

እንግዲህ የአስጎብኚ መጻሕፍት «ምንጩ ስላልታወቀ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «በጥንታዊው ልማድ መሠረት» ብለው ቢያርሙት ይገባል። ግሽ ዓባይ የሚገኝበት የሰከላ ሰውማ ምንጩን ፓኤዝ ከመምጣቱ በፊትም ያውቀው ነበር።