ጌይ ሲናን፦ የአንዲት ከተማ ቋንቋ

ከሐረሪ ሕዝብ ክልል ወረዳዎች አንዱ በሆነው አቦከር ጥቂት የተዘዋወረ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ጉራጊኛና ሐረሪኛ መስማቱ አይቀርም። ከእነዚህ መካከል በሀገር አቀፍ ደረጃ አነስተኛ የተናጋሪ ቁጥር ያለው፣ የከተማዋን ስም የያዘው ሐረሪኛ ነው።

ተናጋሪዎቹ ቋንቋውን «ጌይ ሲናን» ሲሉ ይጠሩታል። «ጌይ» ከተማ፣ «ሲናን» ደግሞ ቋንቋ ማለት በመሆኑ ስያሜው «የከተማ ቋንቋ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ከተማ የሚባለውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ የታጠረውና በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ነው። የግንቡ በሮች «በሪ» መባላቸው ቋንቋው ከአማርኛ ጋር ያለውን ዝምድና ያመለክታል። የታላላቅ ሰዎች ማዕረግ የሆነው «አው» ደግሞ አባት ማለት ነው።

ሐረሪኛ በኢትዮጵያ ከሚነገሩ ሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የቅርብ ዘመዶቹ የሚገኙት ከሐረር ርቀው ነው። እነርሱም ስልጤኛ፣ ወላንኛና በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚነገረው ዛይኛ ናቸው። ቋንቋው ከአማርኛ አነጋገር የጠፋውን የ«ሐ» ልዩ ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቆ ማቆየቱ በሥነ ልሳን ምሁራን ዘንድ ትኩረት እንዲሰጠው አድርጓል።

ሐረሪኛ የረጅም ዘመን የጽሑፍ ታሪክም አለው። «ኪታብ አል ፈራኢድ»ን የመሳሰሉ ጥንታዊ ሥራዎች የተጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ስለ ቋንቋው ሰዋስው አጭር ጥናት ትቷል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1963 የቋንቋውን ሥርወ ቃል የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። በሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም የተሰበሰቡት የብራና ጽሑፎችና የድምፅ ቅጂዎችም የዚሁ ቅርስ አካል ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሐረሪ ሕዝብ ክልልን ከፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ አድርጎ ደንግጓል። በክልሉ ሕገ መንግሥት ሐረሪኛና ኦሮምኛ የሥራ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ ሐረሪኛ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ ሕጋዊ ዕውቅና ብቻውን የቋንቋን ሕልውና አያረጋግጥም። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳመለከተው በሀገሪቱ ከ31 ሺህ በላይ ዜጎች ሐረሪ መሆናቸውን ሲገልጹ፣ ሐረሪኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያደረጉት ግን ከ25 ሺህ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ነበሩ። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት ቋንቋው ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፉ መላላቱን ይጠቁማል። ለዚህም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በርካታ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ ሀገራት መሰደዳቸው አንዱ ምክንያት ነው። ዛሬ በቶሮንቶና በሜልቦርን የሚኖሩ የማኅበረሰቡ አባላትም ይህንኑ ፈተና ይጋፈጣሉ።

ፈተናው በሐረሪኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፕሮፌሰር ሌስላው በ1930ዎቹ መጨረሻ በጎጃም የጋፋትኛ ተናጋሪዎችን ሲያፈላልጉ ያገኙት አራት ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቋንቋው ጠፍቷል። በሐረር ዙሪያ የሚኖሩ አርጎባዎችም ቋንቋቸውን ትተው በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። በደቡብ ኦሞ የሚገኘው ኦንጎታም በጥቂት አረጋውያን አንደበት ብቻ የቀረ ቋንቋ ነው። በዓለም ላይ ከሚነገሩት ወደ ሰባት ሺህ ከሚጠጉ ቋንቋዎች መካከል አርባ በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠባቸው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያሳስባል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2032 ያሉትን ዓመታት የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ዐሥርት ብሎ የሰየመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐረሪኛን እስካሁን ያቆዩት ከሁሉ በላይ ማኅበራዊ ተቋማት ናቸው። በሠርግና በሐዘን አባላቱን የሚያሰባስበው አፎቻ፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት የሚካሄደው የቤተሰብ ጨዋታ፣ እንዲሁም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ቋንቋው በሥራ ላይ የሚውልባቸው መድረኮች ናቸው።

ከዚህም መረዳት የሚቻለው፣ አነስተኛ ተናጋሪ ያለውን ቋንቋ መጠበቅ መማሪያ መጽሐፍ በማሳተም ብቻ የሚጠናቀቅ ተግባር አለመሆኑን ነው። ባለጉዳይ በቢሮ መስኮት በቋንቋው ሲስተናገድ፣ መምህሩ በቋንቋው ሠልጥኖ ሲመደብ፣ የአረጋውያን ትረካ በድምፅ ተቀርጾ ሲቀመጥ ወላጆች ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ለማውረስ ምክንያት ያገኛሉ። ይህም በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት አካላትንና የማኅበረሰቡን የጋራ ጥረት የሚጠይቅ ነው።