በሮተርዳም ውኃ ውስጥ የተገኘው ክሎሮፎርም

ውኃን በክሎሪን የማከም አሠራር በከተሞች ሥር የሰደደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ ሐኪሙ ጆን ሊል እ.ኤ.አ. በ1908 የአሜሪካዋን ጀርሲ ሲቲ ውኃ ያለማቋረጥ በክሎሪን ውህድ ማከም ካስጀመረ በኋላ ዘዴው ከከተማ ወደ ከተማ ተስፋፍቶ፣ ብዙ ሕዝብ ይፈጅ የነበረውን ታይፎይድ፣ ማለትም የአንጀት ተስቦን፣ እጅግ አዳክሟል። ውለታው ይህን ያህል ስለነበረ ለስድሳ ዓመታት ያህል የባለሙያዎቹ ዋና ጭንቀት ጀርሙ መሞቱ እንጂ፣ ክሎሪኑ በውኃው ውስጥ ምን እንደሚፈጥር አልነበረም።

ይህን በልኬት ያሳየው በኔዘርላንዷ ሮተርዳም የውኃ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኬሚስት ዮሃኔስ ሮክ ነው። ሮክ ውኃውን ራሱን ሳይሆን በተከደነ ዕቃ ውስጥ ከውኃው በላይ የሚጠራቀመውን አየር በመመርመር፣ ድርጅቱ በሚቀዳው የወንዝ ውኃ ያልነበረ ክሎሮፎርም ከክሎሪን በኋላ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመ። ምንጩም የፋብሪካ ዝቃጭ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ተረዳ፤ የበሰበሰ ቅጠልና አፈር የሚተዉት፣ ሂዩሚክ የሚባለው ቡናማ ቁስ፣ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምን ጨምሮ ትራይሃሎሜቴን የተባሉትን ውህዶች ይወልዳል፤ እነዚህም አንድ የካርቦን አቶም ከሦስት የክሎሪን ወይም የብሮሚን አቶሞች ጋር የተጣመረባቸው ናቸው። ጉዳቱ ከተፈጥሮና ከመድኃኒቱ መጋጠም መምጣቱ የግኝቱ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ንጹሕ የሚመስል የተራራ ውኃ እንኳ ከዚህ ነፃ አይደለም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካም ተመሳሳይ ውጤት ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ክሎሮፎርም በአይጦች ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ተገለጠ፤ በ1979 የአሜሪካ መንግሥት የትራይሃሎሜቴኖቹን ድምር በሊትር ከ100 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከግራም አሥር ሺህኛ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ኋላም ወደ 80 ዝቅ አደረገው። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንዲህ ያለውን ውኃ ለብዙ ዘመን መጠጣት ከፊኛ ካንሰር ጋር የሚያያዝ መሆኑን ቢጠቁሙም፣ መንስኤነቱን ቆርጠው አላረጋገጡም።

ይህ ግን ክሎሪንን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ በተበከለ ውኃ የሚመጣ ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ሲችል፣ የውህዶቹ አደጋ የሚገመተው በዕድሜ ዘመን ነው። የተሻለው መንገድ ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት ቡናማውን ቁስ በማዝቀጥና በማጣራት መቀነስ ነው። አምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1983 ክሎሪንን መተው የቻለችውም ድፍረት ስለነበራት አይደለም፤ ውኃውን በአሸዋ ቀስ ብለው የሚያጣሩ ገንዳዎችና ብክለት የማያስገባ የቧንቧ መስመር ስለነበሯት ነው።